ተገፍታ የምትነሳው መኪና

አንድ ነጋዴ ነበር። አባቱ ጋሽ ዘርጋው በጉልምስናቸው በአንዲት ትንሽ ጣሊያን ሠራሽ መኪና ታክሲ ይሠሩ ነበር። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ለእሱ ወጪ ብለው ሸጧት። ይህ ነገር ልጁን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲከነክነው ኖረ። አባቱ መሪ የሚጨብጡበት አቅም ሳያልቅ ያችኑ የመሰለች መኪና ሊያመጣላቸው ለራሱ ማለ።

ፈልጎ ፈልጎ ጣሊያን አገር አንድ ጋራዥ ውስጥ አገኛት። ቀለሟ ሳይቀር ያው ሰማያዊ ነው። መግዛቱስ ቀላል ነበር። ወደብ ከደረሰች በኋላ ግን መከራው ጀመረ። አንዱ ቢሮ «ይህን ያህል ያረጀ መኪና እንዴት ይገባል?» ይለዋል። ሌላው «ደብዳቤ አጽፈህ ና» ይለዋል፤ ደብዳቤውን ይዞ ሲመጣ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው። ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ሰውየው ደከመ፣ ሸበተ። አባቱ ደውለው «ብቅ በል እንጂ» ሲሉት፣ «ትንሽ ጉዳይ ይዞኝ ነው አባዬ፣ ስጨርስ እመጣለሁ» ይላቸዋል። ድንገት ሊያስደስታቸው ስለፈለገ ጉዳዩ ምን እንደሆነ አይነግራቸውም።

እንደምንም ገባች። መካኒኩ አድሶ አዲስ አስመሰላት። አንድ እሑድ ጠዋት አባቱ ብቻቸውን ወደሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም ግቢ ይዟት ገባ፤ ደግፎ ከፎቅ አወረዳቸውና ሹፌር ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ሽማግሌው መሪውን ዳበስ ዳበስ አደረጉት። ከዚያ ዞረው ወደ ኋላ ማየት ጀመሩ።

«ምን ጠፋ አባዬ?»

«የሚገፋት ሰውስ?»

«ይቺ መገፋት አያስፈልጋትም። ቁልፉን ብቻ ያዙሩት።»

ጋሽ ዘርጋው ቁልፉን አልነኩትም።

«የኔዋ ሳትገፋ ተነስታ አታውቅም» አሉ ቀስ ብለው። «ጠዋት ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ይወጣላት ነበር። በዚያው እንዴት አደርክ እንባባላለን፤ የታመመም ካለ እሰማለሁ። አንተም ደብተርህን ብብትህ ውስጥ ሸጉጠህ ትገፋ ነበር። ስሸጣት ለመኪናዋ አላዘንኩም ልጄ፣ ሰዉ ነው የቀረብኝ። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ደጄን የሚረግጥ የለም። አንተም ሦስት ዓመት ቀረህ።»

ነጋዴው ሲያሳድደው የከረመው ማኅተም ሁሉ ትዝ አለውና አፈረ። ማርሹን ዜሮ ላይ አደረገና ከኋላ ሆኖ መግፋት ጀመረ። መሬቱ ትንሽ ዳገት ስለነበር ብቻውን አልቻላትም። ውሃ ሊቀዳ የወጣ ጎረቤት ጄሪካኑን አስቀምጦ መጣ፤ ልብስ የምታሰጣ ሴትም ተከተለችው። መኪናዋ ተንቀሳቀሰች።

ጋሽ ዘርጋው አንገታቸውን በመስኮት አወጡ።

«እንዴት አደራችሁ?» አሉ። ጄሪካኑን ወዳስቀመጠው ጎረቤት ዞረውም፣ «ስምህን ማን ልበል ልጄ?» ሲሉ ጠየቁት።

ሁለቱ አንድ ፎቅ ላይ አራት ዓመት ኖረዋል።

ለምንወደው ሰው ትልቅ ነገር ልናመጣ ስንደክም ደጁን መርገጥ እንተዋለን። ምን እንደጎደለው ግን አንጠይቀውም፤ ብንጠይቀው ምናልባት የጎደልነው እኛው ነን። እናንተስ «ስጨርስ እመጣለሁ» ብላችሁ የቀራችሁት ከማን ደጅ ነው?