ከሚስማሩ ሥር

አንድ ሰው ነበረ፤ ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር። ጥያቄዬን ዘለለው ብለህ ፊትህን አታጥቁር፣ ደምለው፤ ሰምቼሃለሁ። «የኔታ፣ መጠጥ ከተውኩ ወዲህ የባሰ ሰው ሆንኩ። መጠጡ ሲወጣ ቁጣዬ ታየኝ፤ ቁጣዬን ስይዘው ምቀኝነቴ ብቅ አለ። ትናንት እንኳ ልጄ ላይ ጮህኩባት፣ ማታ አልጋዋ አጠገብ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። ውስጤ ቆሻሻ ብቻ ከሆነ መድከሙ ምን ያደርግልኛል? ዛሬውኑ ወደ ጠላ ቤቴ ልመለስ» ነው ያልከኝ። ጠላው የትም አይሄድብህም፤ ተቀመጥና ስማ።

ይህ መምህር ዕድሜውን ሙሉ ለተማሪዎቹ «ከመንደራችን ጀርባ ያለው ሜዳ ጥንት ትልቅ ገበያ ነበር» እያለ ኖረ። ማስረጃ አልነበረውም፤ ከአያቱ የሰማውን ነው የያዘው። ተማሪዎቹ ይስቁበታል፤ ትልልቆቹም «ገበያው» የሚል ስም አወጡለት። መንገድ ላይ «ገበያው መጣ» ሲሉ እየሰማ እንዳልሰማ ያልፋል። ግን ያመው ነበር። ውሸታም ተብሎ መቀበር አልፈለገም።

ጡረታ ሲወጣ ሴት ልጁ ከአፈር በታች ብረት ሲኖር የሚጮህ መሣሪያ ላከችለት። ረጅም እጀታ አለው፣ ጫፉ እንደ ሳህን ክብ ነው፤ መሬት መሬቱን እየዳሰሱ ይሄዱበታል። መምህሩ ጊዜ ማሳለፊያ አገኘ። ፈቃድ ጠየቀ፣ የሚያገኘውን ጥንታዊ ዕቃ ሁሉ ለቤተ መዘክር ለመስጠት ቃል ገባ። ያ ሜዳ አሁን የእርሻ ማሳ ነው፤ ባለቤቱም ድሮ ያስተማረው ገበሬ ነው። «መምህር፣ እስከ እርሻ ጊዜ ይጫወቱበት፤ የቆፈሩትን ግን ይድፈኑልኝ» አለው እየሳቀ።

ያ ማሳ ደግሞ በቅርብ ዘመን የአንጥረኛ ሰፈር ነበረ። መሣሪያው በየእርምጃው ይጮሃል። መምህሩ ቆፈረ፤ ሚስማር። ቆፈረ፤ የማጭድ ስባሪ። ቆፈረ፤ የልጓም ቁራጭ፣ እንደገና ሚስማር። ያወጣል፣ ይደፍናል፣ ወደሚቀጥለው ጩኸት ያልፋል። መንደርተኛው «ገበያው ዛሬ ምን ሸመተ?» እያለ ተዝናናበት። ሚስቱ እንኳ «ቤቱን የቁራሌው ግቢ አስመሰልከው» አለችው።

የመጨረሻው ቀን መጣ። ገበሬው በሬዎቹን ጠምዶ ማሳው ዳር ቆሟል። መምህሩ አንድ የጎበጠ ሚስማር አወጣና ቅስሙ ተሰበረ። «በቃ መምህር፣ ይልቀቁልኝ» አለ ገበሬው። መምህሩ አፈሩን በእግሩ ሊመልስ ሲል፣ የፈተና ወረቀት ሁለት ጊዜ ማየት የለመደ ሰው ነውና፣ መሣሪያውን ባዶው ጉድጓድ ላይ አንዴ መለስ አደረገው።

ጮኸ። እንደ ብረቱ ጎርናና አይደለም፤ ቀጭን፣ ጥርት ያለ ድምፅ ነው። መምህሩ ያን ጊዜ ገባው፤ የሚስማሩ ጩኸት የታችኛውን ድምፅ ውጦት ኖሯል። በጣቱ ጫረ። አፈሩን ሲያራግፈው አረንጓዴ የለበሰ የመዳብ ሳንቲም ሆነ፤ በአንዱ ፊት ዘውድ የደፋ ንጉሥ፣ በሌላው መስቀል።

አንድ ሳንቲምማ ከመንገደኛም ይወድቃል። ግን ሚስማር ነቅሎ የሄደባቸውን እነዚያን ሁሉ ጉድጓዶች መቼ ደግሞ አዳመጣቸው? አዲስ የተደፈነው አፈር ገና ይለያል። ወደ አንዱ ሮጠ፤ ጮኸ። ወደ ሌላው ሮጠ፤ ጮኸ። ገበሬው ይህን ሲያይ በሬዎቹን ፈታና ዶማውን ይዞ መጣ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሳንቲሙ የመምህሩን ባርኔጣ ሞልቶት ነበር። ከሳንቲሙም መካከል ትናንሽ የነሐስ መመዘኛዎች ተገኙ። ሰው መመዘኛ ተሸክሞ የሚመጣው ገበያ ነው እንጂ ሌላ የት ነው?

ገበሬው አንዷን መመዘኛ መዳፉ ላይ አድርጎ አገላበጣት። «መምህር፣ ክፍል ውስጥ ከሁሉ በላይ የምስቀው እኔ ነበርኩ» አለ፤ ቀጥሎም ሽማግሌውን ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ አስቀመጠው። መንደሩ በእልልታ ወጣ። «ገበያው መጣ! ገበያው መጣ!» አሉ። ስሙ ያው የድሮው ነው፤ መምህሩ ግን በዚያ ቀን ሲጠሩት አቤት አለ፣ እያለቀሰም ሳቀ።

እንግዲህ ደምለው፣ ማሳው አንተ ነህ። መጠጡም፣ ቁጣውም፣ ምቀኝነቱም ሚስማር ነው፤ መንቀልህ ደግ አደረግህ። ጥፋትህ ነቅለህ ሳታዳምጥ ወደሚቀጥለው ጩኸት መሮጥህ ነው። ትናንት ልጅህን ይቅርታ ጠየቅህ፤ እሱንም ከኃጢአትህ ጋር ደርበህ ነገርከኝ። ሰክረህ በምትገባበት ዘመን ማንን ይቅርታ ጠይቀህ ታውቃለህ? ያ ቀጭን ድምፅ ያን ጊዜም ከታች ነበረ፤ መጠጡ ጮኾበት ነው ያልሰማኸው። ሳንቲሙን በእጅህ ይዘህ መጥተህ ማሳዬ ባዶ ነው ትለኛለህ! በል ተነሥ። ጠላ ቤቱን እለፈውና ቤትህ ግባ፤ ልጅህ ትጠብቅሃለች።