የልብስ ሰፊው ለቅሶ

አንድ የቴሌቪዥን ድራማ ደራሲ ነበር፤ ስሙም ፈንታሁን ይባላል። ድራማው ቅዳሜ ቅዳሜ ምሽት የሚተላለፍ ሲሆን፣ ዋናው ሰው ጋሽ ላቀው የሚባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ጋሽ ላቀው ቀኑን ሙሉ የሠፈሩን የተቀደደ ልብስ ይሰፋሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ ከአጠገባቸው ከተቀመጠው ጫማ ሰፊ ጋር በሆነ ባልሆነው ይነታረካሉ። በቃ፣ ድራማው ይኸው ነበር። ሰው ግን ከልቡ ወደደው።

ከሁሉ አብልጠው የወደዱት የደራሲው እናት የእትዬ የሺመቤት ጎረቤቶች ናቸው። ቅዳሜ ሲደርስ በርጩማ ያለው በርጩማውን ይዞ፣ የሌለው ምንጣፍ ላይ ተደርድሮ እሳቸው ቤት ይሰበሰባል። ቆሎ በሰፌድ ይዞራል። እትዬ የሺመቤት ድራማውን እንኳ በቅጡ አያዩትም፤ የሚያዩት የተመልካቹን ፊት ነው። ልጃቸው የጻፈው ቀልድ ሊመጣ ሲል ሰው ሳይስቅ እሳቸው ቀድመው ይስቃሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ያ ቤት እንዲያ ሞልቶ አያውቅም ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ፕሮዲውሰሩ ፈንታሁንን ጠራውና፣ «ድራማህ ጨው የለውም» አለው።

«ሰው እየሳቀ ነው እኮ።»

«ይስቃል፣ ግን አይደነግጥም። አስደንግጥልኝ።»

ፈንታሁን ክፉ ሰው አልነበረም። የእንጀራ ነገር ሆነበትና እሺ አለ። መጀመሪያ ጥፊ ጨመረ። ጥፊው ሲለመድ መርዝ አመጣ። መርዝ የጠጣው ሰውዬ ከዳነ በኋላ ደግሞ እናቱም የማታውቀው መንታ ወንድም ከተፍ አለበት። ታሪኩ አልሄድ ባለ ቁጥር አንዲት ነጭ መኪና ከየት መጣች ሳትባል ብቅ ትልና አንዱን ገጭታለት ትሄዳለች። በዚያ ከተማ ከእሷ በቀር መኪና ያለም አይመስልም ነበር። በመጨረሻ የመኝታ ቤት ትዕይንት መጣ። ጋሽ ላቀው በስንት ጥንቃቄ የሠርግ ቀሚስ የሰፉላት ሙሽራ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ያለ ምንም ምክንያት ቀሚሷን አውልቃ ታየች።

እትዬ የሺመቤት ቤት ያለውን ጭንቅ ያየ ይፍረድ። አንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል። አንዷ የጠፋ ስልኳን ትፈልጋለች፤ ስልኩ እጇ ላይ ነው። የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ወንድይፍራው ጣሪያውን ሽቅብ ያያሉ። ልጆች ሁሉ በአንዴ ውኃ እንዲያመጡ ይላካሉ፤ ያንን ሁሉ ውኃ የሚጠጣ ግን የለም። ቀስ በቀስ አንዱ አመመኝ አለ፣ ሌላው እንግዳ መጣብኝ አለ፣ የሚያየውም በየቤቱ ተደብቆ ያይ ጀመር፣ ቤቱም ባዶ ቀረ። ፈንታሁን ደውሎ፣ «እማዬ፣ ሰው እንዴት አየው?» ሲል፣ እትዬ የሺመቤት ሙሉውን የቆሎ ሰፌድ እያዩ፣ «ደህና ነው ልጄ፣ ቤቱ እንደ ሞላ ነው» ይሉት ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ቅዳሜ ነው ፈንታሁን ጋሽ ላቀውን የገደላቸው። የገጨቻቸው ያችው ነጭ መኪና ናት።

በማግስቱ እሁድ፣ እንደ ልማዱ ምሳ ሊበላ ወደ እናቱ ዘንድ ሄደ። ከታክሲ ወርዶ ቀና ሲል፣ እናቱ ደጃፍ ላይ የእድሩ ድንኳን ተተክሏል። አግዳሚ ወንበሮቹ ተደርድረዋል። ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ይገባሉ፣ ይወጣሉ። በዚያ ቤት ከእናቱ በቀር የሚኖር ሰው የለም።

የያዘው የብርቱካን ፌስታል መሬት ላይ ተበተነ። እንዴት እንደ ሮጠ አያውቅም፤ ድንኳኑን ጥሶ ገባ። እትዬ የሺመቤት ጥጋቸውን ይዘው ቁጭ ብለዋል፤ በሕይወት አሉ፣ ጤነኛ ናቸው። ፈንታሁን እግራቸው ሥር ወድቆ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«ማን ነው የሞተው?» አለ፣ ነፍሱ መለስ ሲልለት።

«ጋሽ ላቀው ናቸዋ» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው ኮስተር ብለው። «የእድሩ አባል አይደሉም፤ ግን በየሳምንቱ ቤታችን የሚመጡ ሰው ነበሩ። ዝም ብለን እናሳልፋቸው?»

«እኔ ሟርት ይሆንብናል ብያቸው ነበር» አሉ እናቱ፣ የልጃቸውን ራስ እየዳበሱ። «እንዲህ ትደነግጣለህ ብዬም አላሰብኩ። ግን ልጄ፣ ሰው ከቤቴ ከቀረ ስንት ጊዜው። ዛሬ ወንበር ተሸክመው ሲመጡ ሳያቸው እንዴት አይሆንም ልበል?»

ፈንታሁን ይኼን ሲሰማ ከድንጋጤው በላይ ቆጨው። ቤቱ ሙሉ ነው ሲሉት የነበሩት እናቱ ለካስ ብቻቸውን ተቀምጠው ኖሯል።

ጋሽ ወንድይፍራው እጁን ይዘው መሀል ላይ አስቀመጡት። «የሟች የቅርብ ዘመድ አንተ ነህ። ተቀመጥ፣ ሰው ያጽናናህ።»

ለቅሶ ቤት የመጣ ሰው፣ ነፍስ ይማር ካለ በኋላ የሚጠይቀው የታወቀ ነው። ጎረቤቶቹም ተራ በተራ እየገቡ ጠየቁት።

«ነፍስ ይማር። ምን አገኛቸው? አሟቸው ነበር?» አሉ ጎረቤታቸው እትዬ አልጣሽ።

«አይ፣ መኪና ገጭቷቸው ነው።»

«እኔን። የት ሲሄዱ?»

«መንገድ ሲሻገሩ።»

«ወዴት ነው የሚሻገሩት? ሱቃቸውም ቤታቸውም በወዲህ በኩል አይደለም እንዴ?»

ፈንታሁን እርዳታ ፍለጋ ወደ እናቱ ዞረ።

«ሹፌሩስ ተያዘ?» አለ ከኋላ የተቀመጠ ጎልማሳ።

«አልተያዘም።»

«ያቺው ነጯ መኪና ናት?»

ፈንታሁን ራሱን ነቀነቀ። እዚህ ላይ አንዱ ሳቁ አመለጠው፤ ነጠላውን አፉ ላይ ቢያደርግም አልሆነለትም። ከእሱ ወደ ቀጣዩ ተላለፈና ድንኳኑ በሙሉ በሳቅ ተናወጠ። ጋሽ ወንድይፍራው እንኳ ኮስታራነታቸው አልዘልቅ ብሏቸው ዕንባቸውን ይጠርጉ ጀመር። ፈንታሁንም ያን ሁሉ ድንጋጤ አውጥቶ እንደ ጉድ ሳቀ።

ሳቁ በረድ ሲል እትዬ አልጣሽ፣ «የሙሽራዋስ ነገር?» አሉት ለስለስ ብለው። «ያን የመሰለ ቀሚስ ሲሰፉላት እኔ እልል ብዬ ነበር። ምን ሆና ነው አስወልቀህ ያሳየኸን?»

«ምንም አልሆነችም፣ እትዬ አልጣሽ።»

«ጋሽ ላቀውስ ለምን ሞቱ?»

ፈንታሁን መሬት መሬት እያየ እውነቱን ተናገረ። «ምን እንደምጽፍ ጨነቀኝ። ለዚያ ነው።»

ለቅሶ ቤት እንዲህ ያለ መልስ ተሰምቶ አያውቅም። ማንም አልተቆጣውም። «እግዜር ያጽናህ» አሉት፣ ወጥ ቀረበና ምሳ በሉ።

ሰኞ ዕለት ፕሮዲውሰሩ፣ «ሰው ልብስ ሰፊውን መልሱልን እያለ ነው። መንታ ወንድም ነበራቸው በልና አምጣቸው» አለው።

«አይሆንም» አለ ፈንታሁን። «ለቅሶ ተቀምጬላቸዋለሁ።»

«ምን?»

«ድንኳን ተተክሎላቸዋል፤ አይመለሱም። ይልቅ ይኼን ክፍል እኔ እንደ ፈለግኩ ልጻፈው። ሰው ካልወደደው ሌላ ደራሲ ፈልግ።»

ጻፈው። ድራማው ውስጥ ድንኳን ተተከለ። ጥፊ የለም፣ መርዝ የለም፣ መኪና የሚባል በአጠገቡም አላለፈም። ሰዎች እየመጡ ጋሽ ላቀው ምን እንደሰፉላቸው ያወራሉ። ሙሽራዋ ያንን ቀሚስ ለብሳ መጣችና ከሴቶቹ መሀል ተቀመጠች። ያ ዕድሜ ልኩን ሲነታረካቸው የኖረ ጫማ ሰፊ ግን አላለቀሰም፤ ተነሥቶ ሄደና የሟቹን ሱቅ ከፍቶ፣ በወፍራም የጫማ ክር የራሱን ኮት የተቀደደ ብብት ሰፋ። ስፌቱ የተንጋደደ ነው። ለብሶት ተመለሰና፣ «አሁን ቢያዩት ኖሮ ይሰድቡኝ ነበር» አለ።

ቅዳሜ ምሽት እትዬ የሺመቤት ቤት ቦታ ጠፋ። በርጩማው አልበቃ ሲል ጋሽ ወንድይፍራው የእድሩን አግዳሚዎች አስመጡ፤ የለቅሶ ወንበር ለደስታ ሲወጣ በዚያ ሠፈር የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ፈንታሁን እናቱ አጠገብ ተቀምጦ እንደ እሳቸው የሰዉን ፊት ያይ ነበር። ውኃ እንዲያመጣ የተላከ ልጅ የለም። ጣሪያውን የሚያይም የለም። ጫማ ሰፊው ያቺን ቃል ሲናገር ቤቱ በአንዴ ሳቀም አለቀሰም። እትዬ የሺመቤት ደግሞ እንደ ድሮው ቀድመው ስቀው ነበር። ባዶ የቀረውን የቆሎ ሰፌድ አንሥተው ሊሞሉት ወደ ጓዳ ሲገቡ፣ ፈንታሁን የእናቱን ቀልጣፋ እርምጃ አየና ዕንባው መጣ፤ የደስታ ነው።

ወዳጄ፣ ይኼ ነገር ለደራሲ ብቻ የሚነገር አይደለም። የምንናገረው፣ የምንጽፈው፣ የምናሳየው ነገር ሁሉ አንድ ቀን ፊታችን ቁጭ ብሎ «ለምን?» የሚል ሰው አለው። ምክንያት ያለው ነገር ትንሽም ቢሆን ሰውን ይሰበስባል፤ እንዲያው ለማስደንገጥ የተጨመረ ግን አንድ ሰሞን ካስጮኸ በኋላ ቤቱን ባዶ ያስቀራል። ምን እንደምትል የጨነቀህ ዕለት ጥቂት ዝም ብትል ይሻላል፤ ምስኪኑን ልብስ ሰፊ አትግደለው።

እስቲ ይኼን ሳምንት የተናገርከውን አስታውስ። ጎረቤቶችህ ድንኳን ተክለው መሀል ቢያስቀምጡህ፣ ስለ የትኛው ነገርህ ቀና ብለህ ትመልስላቸዋለህ?