መንገድ የዘጋው ዘፈን

አንድ ሰው ነበረ። ስንሻው፣ «ሽቦው ንጹሕ መዳብ ከሆነ፣ ሲሞቅ ኤሌክትሪኩን የሚያግደው ሬዚስታንሱ ለምን ይጨምራል?» ያልከኝን በእሱ እመልስልሃለሁ።

ሰውየው ሀብታም ነበረ፤ ቡና ሊያስተክል ደቦ ጠራ። ጉድጓዱ በገመድ ተለክቶ፣ ረድፍ በረድፍ፣ እኩል ርቀት ላይ ምልክት ተደርጎበታል። በየምልክቱ አንድ ቆፋሪ ቆሟል፤ ቦታውን አይለቅም። ችግኝ ተሸካሚዎች ደግሞ ከወንዙ ዳር ተነሥተው፣ በቆፋሪዎቹ መካከል እያለፉ፣ ትናንት ወደ ተቆፈረው ማዶ ያደርሳሉ። ፀሐይ ሳይበረታ መድረስ አለባቸው፤ ሥሩ ከደረቀ የዓመት ልፋት ገደል ገባ።

ጠዋት ቆፋሪዎቹ ቀስ ብለው ይቆፍሩ ስለነበር ተሸካሚው በመካከላቸው ሽው ይል ነበር። ረፋዱ ላይ አውራጁ ዘፈን አነሣ። የቆፋሪው ሁሉ ዶማ ከፍ ከፍ፣ ወገቡም ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመረ። ተሸካሚው ከአንዱ ክንድ ሲጋጭ ይንገዳገዳል፣ አቅጣጫውን ይስታል፣ እንደገና ይነሣል። የተገጨውም ቆፋሪ ይብሱን ይወዛወዛል።

ሀብታሙ የችግኙ መዘግየት አንገበገበው። ከፊት የነበረውን ሽማግሌ ተሸካሚ፣ «አንተ ሰነፍ፣ እህሌን በልተህ ችግኜን ታደርቃለህ?» ብሎ በሰው ፊት አባረረው። ይባስ ብሎም አውራጁን፣ «ሞቅ አድርገው፣ ሥራው ይፍጠን» አለው። ደቦ የለመደ ሰው የሚሠራት ስሕተት ናት። ዘፈኑ ሞቀ፤ መንገዱም ጨርሶ ጠበበ።

ሽማግሌው ሸክሙን አስቀመጠና፣ «ጌታው፣ መሄዱን እሄዳለሁ። ግን አንድ ጊዜ ዘፈኑን ያስቁሙትና ይዩ» አለ።

አስቆመው። ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን ተደግፈው ቆሙ። ተሸካሚዎቹ እንደ ጠዋቱ አለፉ፤ መሀል ላይ ካልተነቀለ አንድ ጉቶ በቀር ያደናቀፋቸው አልነበረም። ሀብታሙ አፈረ። ሽማግሌውን ባባረረበት ቦታ፣ ያው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ይቅርታ ጠየቀው። ከችግኙ ግማሹ ግን ደርቆ ነበር።

እንግዲህ ልብ በል። ቆፋሪዎቹ የመዳቡ አቶሞች ናቸው፣ ተሸካሚዎቹ ኤሌክትሮኖች፣ ዘፈኑ ሙቀት። ተደርድረው መቆማቸው መንገድ አልዘጋም፤ የዘጋው መወዛወዛቸው ነው። ጉቶው ሽቦው ውስጥ የገባ ባዕድ ነገር ነው፤ እሱ ሽቦው ቢቀዘቅዝም ከቦታው አይነሣም።

አንተ የወፍጮውን ሞተር በአዲስ ሽቦ ጠምጥመህ ጠዋት ሬዚስታንሱን ለካህ፤ ደህና ነበር። ሲፈጭ ውሎ ትኩስ እያለ ስትለካው ቁጥሩ በለጠብህ። ይኸኔ ሽቦ ሻጩን፣ አቶ ሙዘይንን፣ በአባትህ ዕድሜ ያሉትን ሰው፣ «ቅይጥ ሸጥክልኝ» ብለህ ገበያ መሀል አዋረድካቸው። ቅይጥ ቢሆን ኖሮ ጠዋትም ቀዝቅዞ ሳለ ባሳበቀ ነበር።

ሞተሩን አትፍታው፤ ይደር። ነገ ጠዋት ለካው። ቁጥሩ ከተመለሰ ወደ አቶ ሙዘይን ሱቅ ትሄዳለህ። በማለዳ ግን አይደለም፤ ገበያው ጢም ሲል ሂድ።