በሚያዝያ የሚፈሰው ምንጭ

አንድ ሰው ነበረ፤ ማንንም ማስቀየም የማይሆንለት።

መምህር ወንድይፍራው እንዲህ ብለው ነው የጀመሩት። ትርሲት የጠየቀቻቸው ግን ስለ ሰው አልነበረም። ሁለት ልቦለዶችን የሚያነጻጽር ድርሰት ፈተና ላይ እንዴት እንደሚዋቀር ነበር። ፈተናው ሰኞ ነው፤ ዛሬ ዓርብ። በዚህ ትምህርት አንድ ጊዜ ወድቃለች። ደግማ ከወደቀች ከኮሌጁ ትሰናበታለች። በእጇ የሙከራ ድርሰቷን ይዛለች። ሁለት ገጽ ስለ አንደኛው መጽሐፍ፣ ሁለት ገጽ ስለ ሁለተኛው፣ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር፦ «ሁለቱም የየራሳቸው ውበት አላቸው።» ከሃያው ሰባት አግኝታበታለች።

«መምህር፣ ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው? ለሁለቱም እኩል ነው የጻፍኩት።»

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና ስለ ሰውየው ቀጠሉ።

*

ሰውየው ገበሬ ነው። መንደሩ ሁለት ምንጭ አለው፤ አንዱ ዳገቱ ላይ፣ አንዱ ከታች ሜዳው ጥግ። ላይኞቹ የአባቱ ወገን ናቸው፤ ታችኞቹ የእናቱ።

አንድ ቀን የውሃ ሥራ ሰዎች መጡ። ሲሚንቶና ቧንቧ ይዘዋል፤ የሚበቃው ግን ለአንድ ምንጭ ብቻ ነው። «እስከ ሐሙስ ተማክራችሁ ንገሩን። ካልሆነ መኪናው ወደሚቀጥለው መንደር ይሄዳል» አሉ። ወሩ ኅዳር ነው። ባለፈው በጋ ከመንደሩ ሁለት ሕፃናት በተቅማጥ ሞተዋል። ሁሉም ያንን እያሰበ ነው የሚማከረው።

ሽማግሌዎቹ ሰውየውን መረጡት። ከሁለቱም ወገን ስለሆነ አያዳላም ብለው። ሁለቱንም አይተህ ንገረን አሉት።

ሰኞ ወደ ላይ ወጣ። አጎቱ በደስታ ተቀበሉት፤ ጠላ ተቀዳ፣ ቆሎ ቀረበ። ምንጩ ከድንጋይ ሥር ነው የሚወጣው። ውሃው ጥርስ ያደነዝዛል። ማክሰኞ ወደ ታች ወረደ። አክስቱ ጋ የተቀዳው ጠላ ከትናንቱ ይወፍራል። ምንጩ ሰፊ ነው፣ ዙሪያውን ቄጠማ ከቦታል። ሰውየው ሁለቱንም ቀን ደስ ብሎት ቤቱ ገባ።

ረቡዕ ጠዋት ሰው ተሰበሰበ። ሰውየው ተነሥቶ ስለ ላይኛው ምንጭ ተናገረ፦ ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ቅዝቃዜው፣ ስለ ጥላው። ከዚያ ስለ ታችኛው፦ ስለ ስፋቱ፣ ስለ ቄጠማው፣ ስለ መንገዱ ለጥ ማለት። ለአንዱ የሰጠውን ጊዜ ያህል ለሌላውም ሰጠ። ላይኞቹም ደስ አላቸው፤ ታችኞቹም።

«ታዲያ የትኛው ይሁን?» አለ አንዱ።

«ሁለቱም ጥሩ ምንጮች ናቸው።»

ሰዉ ሳቀ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ግን አልሳቁም።

«አንተ ልጅ፣ ምንጭ አይተህ አይደለም የመጣኸው። ሁለት ለቅሶ ደርሰህ ነው የመጣኸው። እዚያም አሞገስክ፣ እዚህም አሞገስክ። ለቅሶ ላይ ማን ሟችን ከሟች ያወዳድራል?»

ሰውየው አፈረ። «ምን ልበል ታዲያ፣ እማማ?»

«እኔ ድንጋዩ ምን ያደርግልኛል። በሚያዝያ የትኛው ይፈሳል? እሱን ንገረኝ።»

ሰውየው ሁለት ቀን ሙሉ ሲያይ ይህን አላየም። በኅዳር ሁለቱም ይፈሳሉ። ደግሞም ለራሱ እውነቱን ከተናገረ፣ ሳይጠይቅ የቀረው መልሱን ፈርቶ ነው። መልሱ ከሁለቱ አንዱን ወገን ማስከፋቱ አይቀርም።

*

የዚያኑ ቀን እንደገና ተነሣ። በዚህኛው ጉዞ ማንም ቤት አልገባም። አንዲት ጥያቄ ብቻ ይዞ ነበር።

ላይኛው ምንጭ ሴቶች ጀሪካን ሲሞሉ ደረሰ። «ባለፈው ሚያዝያ ከየት ቀዳችሁ?» አላቸው።

ተያዩ። አንዷ ቀስ ብላ «ከታች» አለች።

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገራችሁንም?»

«ማን ጠየቀን?»

ወደ ታች ወረደ። ያችኑ ጥያቄ ደገማት። «ከዚሁ ነው እንጂ» አሉት የታች ሴቶች። «ግን ከብት እየገባ ያደፈርሰዋል። በነጠላ እያጠለልን ነው የምንጠጣው። ልጆቹን የፈጀብን እሱ ነው።»

ስለ ከብት ሊጠይቅ አልነበረም የመጣው። አሁን ግን ሌላ ጥያቄ ያዘ፤ የታችኞቹ መልስ የወለደው ጥያቄ። ዳገቱን ሁለተኛ ወጣው። እግሩ ዝሏል።

«እናንተ ጋ ከብቱ የት ነው የሚጠጣው?»

«እኛማ በድንጋይ አጥረነዋል። ከብቱ ከአጥሩ በታች ከሚወርደው ይጠጣል። አላየኸውም እንዴ?»

አይቶት ነበር። ሰኞ ዕለት ቁጭ ብሎ ያረፈው እዚያ አጥር ላይ ነው።

*

ሐሙስ መኪናው ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። ሰውየው በዚህ ቀን ብዙ አልተናገረም።

«ሁለቱም ምንጮች በኅዳር ይፈሳሉ። በሚያዝያ የሚፈሰው ግን የታችኛው ብቻ ነው።»

አጎቱ አቀረቀሩ። ሰውየው አያቸው፤ ግን አላቆመም።

«የላይኛው ንጹሕ ነው፤ አጥር ስላለው። የታችኛው ይደፈርሳል፤ አጥር ስለሌለው። ስለዚህ ቧንቧው ታች ይተከል። አጥሩን ግን ላይኞቹ ይሥሩልን። እነሱ ያውቁበታል።»

አጎቱ ቀና አሉ።

«ልክ ነው። ሚያዝያን ሙሉ ሚስቴ ይህን ዳገት ስትወጣና ስትወርድ ነው የከረመችው። ድንጋዩን እኛ እናመጣለን።»

ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ሲሚንቶው መውረድ ጀመረ።

*

መምህር ወንድይፍራው ወደ ትርሲት ዞሩ።

«ሰውየው አንቺ ነሽ። ምንጮቹ ሁለቱ መጻሕፍት ናቸው፤ ሁለቱንም ትወጂያቸዋለሽ፣ ደግ ነው። ግን አንዱ ቤት ገብተሽ ጠጣሽ፣ ሌላው ቤት ገብተሽ ጠጣሽ፣ መጥተሽ አሞገስሽልኝ። እኔ ደግሞ እንደ አሮጊቷ ነኝ። ጥያቄ ነው የምፈልገው።»

«ጥያቄውን ከየት አመጣለሁ?»

«ሰኞ ፈታኙ ይሰጥሻል። የአሮጊቷ የሚያዝያ ጥያቄ እሱ ነው። ሦስቴ አንብቢው። ከዚያ እንደ ሰውየው ሁለት ዐረፍተ ነገር ጻፊ፤ በምን እንደሚመሳሰሉ፣ ከዚያ መመሳሰል ውስጥ በምን እንደሚለያዩ። መግቢያሽ ይኸው ነው።»

«ከዚያ አንድ አንቀጽ ለአንዱ፣ የሚቀጥለው ለሌላው?»

«የለም። አንቀጹ የጥያቄው ነው፣ የመጽሐፉ አይደለም። በየአንቀጹ ሁለቱም ይመልሱ። የአንዱ መልስ ወደ ሌላው ይመልስሽ። ሰውየውን ዳገቱን ሁለተኛ ያስወጣው የታችኞቹ መልስ ነው። መጨረሻ ላይ አሸናፊ አትጥሪ። ቧንቧው የት እንደሚተከል ንገሪኝ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ባታደርጊ የማታገኚውን አንድ ነገር።»

«የፈተናው ጊዜ እኮ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው፣ መምህር።»

«ሰውየውም አራት ቀን ነበር ያለው። ሁለቱን ጠላ ጠጣባቸው።»

ትርሲት ሳቀች። ከዚያ ወረቀቷን ገልብጣ ባዶውን ጀርባ አየችው። በአንደኛው ልቦለድ አንድ ወታደር ከዘመቻ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በሁለተኛውም አንዲት ሴት ከዓረብ አገር ትመለሳለች። ይህን ለየብቻ፣ በየገጹ ጽፋው ነበር።

«እስቲ ይስሙኝ» አለች። «ሁለቱም ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። በሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው ያለው ግን ወታደሩ ብቻ ነው።»

መምህሩ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«ሴትዮዋን ለምን ማንም አልጠበቃትም?»

ትርሲት መልሱን ፍለጋ መጻሕፍቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ወደ መጀመሪያው ተመለሰች። ወታደሩን ማን እንደጠበቀው የሚናገረውን ገጽ ትፈልግ ጀመር።