እግር የሚያውቀው ወለል

በአንድ ወቅት፣ ሻሸመኔ ዳር፣ አጥር ግቢ ውስጥ የቆመ አንድ አሮጌ አውቶብስ ነበር። አውቶብሱ የሰው ቤት ነው። ሹፌሩ አቶ ሰይፉ ጡረታ ሲወጡ ወንበሮቹን ነቅለው አልጋ፣ ምድጃና ጠረጴዛ አስገቡበት፤ ወለሉን ጣውላ አነጠፉት፤ ባለቤታቸውን ወይዘሮ እልፍነሽን ይዘውም አገር ላገር ዞሩበት። ከዓመታት በኋላ አቶ ሰይፉ ሞቱ። የወይዘሮ እልፍነሽ ዓይንም ቀስ በቀስ ደክሞ ጨርሶ ጠፋ። እሳቸው ግን ከአውቶብሱ አልወጡም። ሦስቱ ልጆቻቸው በዓመት አንዴ ሁለቴ እየነዱ መንገድ ያወጧቸዋል፤ የቀረውን ጊዜ ግቢው ውስጥ እንደቆመ ይኖሩበታል።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይህን ታሪክ ያወራሁበት ቦታ ሁሉ ሰው ተጨቃጭቋል። እኔ ራሴ ከአንድ የልብ ወዳጄ ጋር ሁለት ወር ተኳርፌበታለሁ። ስለዚህ በደንብ ስሙኝ፤ ፍርዱን ለእናንተ ነው የምተወው።

አንድ ክረምት ወለሉ በስብሶ ኖሮ የወይዘሮ እልፍነሽ እግር እስከ ጉልበታቸው ሰጠመ። ልጆቹ ደነገጡ። የበኩሩ ልጅ ደምሰው ወደ ራሱ ቤት ወሰዳቸው። ቤቱ ሰፊ ነው፣ ወለሉም ሲሚንቶ። እሳቸው ግን ሦስት ቀን ግድግዳ ሲዳብሱ ሰነበቱና በአራተኛው ቀን አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው አልነሳም አሉ።

«ምን ጎደለብሽ እማዬ?» አላቸው ደምሰው።

«ምንም አልጎደለብኝም፤ ቤትህ ይባረክ። ግን እዚህ ዓይነ ስውር ነኝ። አውቶብሱ ውስጥ ግን አይደለሁም።»

ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ወለሉን ሊያድሱ ተስማሙ። ሥራው እስኪያልቅ እናትየው ይርጋለም ከተማ እህታቸው ዘንድ ሄዱ፤ የመጨረሻዋ ልጅ ፍሬሕይወትም አብራቸው ሄደች።

ደምሰው በያጅ ነው። ጣውላው ሲነሳ ከሥር ያለው ብረት በዝገት ተበልቶ እንደ ደረቅ ዳቦ ሲፈረፈር አየ። «አንዳንድ ቦታ ብቻ ደግፈውና ላዩን እናንጥፈው» ቢባልም አልሰማም። ስምንት ቀን ሙሉ አውቶብሱ ሥር በጀርባው ተኝቶ የዛገውን እየቆረጠ አዲስ ብረት በየደ። ፍንጣሪው ክንዱን አቃጠለው። ሲጨርስ ብረቱን ቀለም ቀብቶ ከሥር ወጣ። ያን ሥራ ከዚያ ወዲህ ያየው ሰው የለም፤ እናቱም በእግራቸው አይነኩትም።

ሁለተኛው ልጅ ታምሩ አናጢ ነው፤ እጁ የተመሰገነ፣ መመስገኑንም የማይጠላ። ዋንዛ መርጦ፣ በመላጊያ አለስልሶ፣ በውሃ ልክ እየለካ አነጠፈው። ስንጥር የለ፣ ብቅ ያለ ምስማር የለ፣ ከበሩ እስከ አልጋው አንድ ወጥ ሆነ። አሮጌውን ጣውላ ፈልጦ ለጎረቤት ማገዶ ሰጠ። «ከእንግዲህ እማዬን የሚያደናቅፋት ነገር የለም» አለ። እኔም ብሆን እንዲሁ ነበር የማደርገው።

እናት ተመለሱ። በሩ ላይ ጫማቸውን አወለቁና ገቡ። አንድ እርምጃ ተራምደው ቆሙ። እግራቸውን ወደ ግራ ሰደዱ፤ ወደ ቀኝም ሰደዱ።

«የማን ቤት ነው ያመጣችሁኝ?» አሉ።

«ያንቺው ነው እማዬ» አለ ታምሩ።

«ታዲያ ምድጃዬ ወዴት ነው?»

አሥራ አንድ ዓመት ያለ ምርኩዝ በተመላለሱበት ቤት እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል።

«እንዴት እንደነበር ንገሪንና እንደነበረው እንመልሰው» አለ ደምሰው።

«የሚያውቀው እግሬ ነው፤ አፌ አያውቀውም» አሉ። አሮጌው ጣውላ ደግሞ ነድዶ አልቋል።

ፍሬሕይወት የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት፤ መዶሻ ይዛ አታውቅም። ነገር ግን የእናቷ ዓይን መድከም ሲጀምር እጃቸውን ይዛ ወለሉን ያስጠናቻቸው እሷ ነበረች። ጫማዋን አወለቀች፣ ዓይኗን በነጠላዋ አሰረች፣ ከበሩ ጀመረች።

«እዚህ ሦስት ምስማር ብቅ ብሎ ነበር፤ በሩ ነው። ሁለት እርምጃ… እዚህ ሳንቃው ዝቅ ይላል፤ ወደ ጠረጴዛው መታጠፊያ ነው። እዚህ ቆርቆሮ ተመትቶበት ነበር፤ እግርን ሲቀዘቅዘው ምድጃው ጋ ተደርሷል ማለት ነው። አልጋው አጠገብ ያለው ደግሞ ሲረገጥ ሲጥ ይላል።»

ሁለት ጊዜ ተሳስታ ወደ በሩ ተመለሰች፤ ሁለቱንም ጊዜ እንደገና ጀመረች። ታምሩ በእርሳስ ምልክት እያደረገ ተከተላት። ከዚያ መሮውን አነሳ። ያለሰለሰውን ሳንቃ ዝቅ እንዲል ጠረበው። ምስማሮቹን እግር እንዳይወጉ አናታቸውን አድቦልቡሎ ብቅ አደረጋቸው፤ ባማረው ዋንዛ ላይ ቆርቆሮ መታበት፤ አልጋው አጠገብ ያለውን ሳንቃም እስኪጮህ አላላው። የሙያ ጓደኛው መጥቶ አየና «ምን ነካህ?» ብሎ ሳቀበት። ታምሩ ቀና ብሎም አላየው።

በማግስቱ ወይዘሮ እልፍነሽ ገቡ። ምስማሮቹን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፣ ሁለት ተራመዱ፣ ታጠፉ፣ ቆርቆሮው ጋ ትንሽ ቆሙ፣ ሳንቃው ሲጮህ ዞር ብለው አልጋቸው ላይ ቁጭ አሉ። አንዴም እጃቸውን አልዘረጉም። እዚያው ተቀምጠው አለቀሱ፤ ልጆቹም አለቀሱ።

እንባቸውን ከጠረጉ በኋላ ቀለም ቀቢ ይጠራልኝ አሉ። ከፊት መስታወቱ በላይ፣ የአውቶብሱ ግንባር ላይ፣ የአንድ ስም ቦታ ብቻ አለ።

«ቤቴን የመለሰልኝ ልጅ ስም ይጻፍልኝ» አሉ። «እኔ አላነበውም። ግን በደረስንበት ከተማ ሁሉ ሕፃናት የመኪና ጽሑፍ ጮክ ብለው ያነባሉ። እየሰማሁት እሄዳለሁ።»

«እንግዲህ የኔ ነው» አለ ታምሩ እየሳቀ። ወዲያው ሳቁ ጠፋ። «የለም፣ የፍሬሕይወት ነው። እሷ ባታስታውስ ኖሮ ያነጠፍኩት እንጨት ብቻ ነበር።»

«ማስታወስ ምን ሥራ አለው?» አለች ፍሬሕይወት። «ያማረ ሥራውን በገዛ እጁ ያበላሸ እሱ ነው። ደምሰውስ? እሱ ከሥር ባይበይደው እማዬ ነገም ትሰጥም ነበር።»

ሁሉም ወደ ደምሰው ዞሩ። «እኔን ተዉኝ፤ የኔን ሥራ ማን ያየዋል» አለ። ይህን ሲል ግን የተቃጠለ ክንዱን በሌላው እጁ እያሻሸ ነበር። ስሙ ሲጠራ መስማት የማይወድ ልጅ አለ ብላችሁ እኔን አታሳምኑኝም።

ወይዘሮ እልፍነሽ የሦስቱንም እጅ ተራ በተራ ዳሰሱ። ቀለም ቀቢው መሰላሉ ላይ ወጥቶ ብሩሹን ነክሯል፤ «ማን ብዬ ልጻፍ?» ብሎ ይጠብቃል።

እስቲ እናንተ መልሱለት። አውቶብሱ በሚደርስበት ከተማ ሁሉ ሕፃናት ጮክ ብለው ሲያነቡ፣ ያች እናት ልትሰማው የሚገባት የማንን ስም ነው?