ለእንግዳ ቀድሞ የሚቀርበው

አንድ ምንጭ ሁለት መንደር ያጠጣ ነበር። ከላይ ክርስቲያኖች፣ ከታች ሙስሊሞች ይኖራሉ። ውኃውን በተራ የሚያካፍል «የውኃ አባት» የሚሉት ሽማግሌ በየመንደሩ አለ፤ የላይኛው ደምሌ፣ የታችኛው እንድሪስ ይባላል። ሁለቱ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቦይ ሲጠርጉ፣ ለቅሶ ሲደራረሱና አንዱ በሌላው ልጅ ሠርግ ሲያስተናግድ ኖረዋል። ሥጋ ብቻ አብረው አይበሉም፤ የአንዱን እርድ ሌላው አይቀምስምና።

አንድ ክፉ ዓመት መጣና በልጉ ሳይዘንብ ቀረ። ምንጩ መነመነ። የማሽላው ቡቃያ በሁለቱም መንደር ጠወለገ፤ ውኃው ግን የአንዱን እርሻ ብቻ ቢያድን ነው። ያን ጊዜ ውኃው የማን ነው የሚል ጥያቄ ተነሣ። የላይኞቹ፣ ሃይማኖታችን ወደዚህ አገር ቀድሞ የገባ ነውና አገሩን ያቀናነው እኛ ነን አሉ። የታችኞቹም፣ የእኛ የአባታችን የኢብራሂም ሃይማኖት ነው፣ ከእሱ ማን ይቀድማል ብለው መለሱ። በጥጋቡ ዘመን ማን ቀደመ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ሰው ሲጠማው ታሪክ ዐዋቂ ይሆናል።

ነገሩ ከአፍ ወጥቶ ወደ ዱላ ገባ። ቦዩ ላይ ሁለት ጎረምሶች ተፈነካከቱ፤ ከዱላ ቀጥሎ የሚመጣው ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ደምሌና እንድሪስ ፈሩና ወደ ዳኛ ሄዱ። «ውኃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» ይባል የለ? ውኃውስ ጎድሏል፤ መሻገሩን ትተው መናገሩን ያዙት። ዳኛው አባቱ ክርስቲያን፣ እናቱ ሙስሊም ስለነበሩ ሁለቱም መንደሮች «የእኛ ሰው ነው» ብለው በሆዳቸው ተማምነዋል።

ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ማን እንደቀደመ ተከራከሩ። ዳኛው ሁሉንም በትዕግሥት ሰማና እንዲህ አለ፦

«ደምሌ፣ የእንድሪስ ሃይማኖት ወደዚህ አገር እንዴት እንደገባና ምን እንደሚያምን ንገረኝ። እንድሪስ፣ አንተ ደግሞ የደምሌን።»

ደምሌ እንደምንም ብሎ፣ በረመዳን ቀን ጾመው ማታ ይበላሉ አለ። እንድሪስ ደግሞ ሥጋና ቅቤ የሚተዉበት ወራት አላቸው አለ። ዳኛው ሃያ ዓመት የኖራችሁት ጎረቤታችሁ ጋ ነው ወይስ ማዕዱ ጋ ብሎ ጠየቃቸው። ከዚያም ሦስት ሦስት ቀን አንዱ በሌላው ቤት እንዲሰነብት፣ የሌላውንም እምነት ከባለቤቱ አፍ እንዲማር አዘዘ። ባለቤቱ ራሱ «እንዲህ ነው» ብሎ የሚመሰክርለት ካልሆነ ፍርድ እንደማይሰጥ ቁርጡን ነገራቸው።

መጀመሪያ ደምሌ ወደ እንድሪስ ቤት ወረደ። እንድሪስ ዶሮ ይዞ ግራ ገባው፤ እሱ ካረደው እንግዳው አይበላም። ስለዚህ ዶሮውን በብብቱ አድርጎ ወደ ላይኛው መንደር ወጣና የሚያርድለት ክርስቲያን ለመነ። ዱላ ይዘው ቦዩን ይጠብቁ የነበሩ ጎረምሶች ሲያዩት ሳቃቸው መጣ፤ አንዱም ዱላውን ጥሎ ዶሮውን ባርኮ አረደለት። ከሦስት ቀን በኋላ ደምሌም በተራው በግ እየጎተተ ወደ ታች መውረዱ አልቀረም።

በሰባተኛው ቀን ዳኛው ፊት ቆሙ። ደምሌ ጀመረ።

«አላህ አንድ ነው፤ አይወልድም፣ አይወለድም፤ ሙሐመድም መልእክተኛው ነው ይላሉ። በቀን አምስት ጊዜ ይሰግዳሉ፤ ካላቸው ላይ ለድኻ መስጠት ግዴታቸው ነው። ነቢያቸው ገና በመካ ሳሉ ተከታዮቻቸውን የገዛ ወገናቸው አሳደዳቸው። ባሕር ተሻግረው ወደ እኛ አገር መጡ። አሳዳጆቹ ስጦታ ይዘው ቢከተሏቸው፣ ንጉሡ ስደተኞቹ ስለ ማርያም ከቁርኣን ያነበቡለትን ሰምቶ አለቀሰ፤ አሳልፌ አልሰጥም አለ። ንጉሡ ክርስቲያን ነበር።»

እንድሪስ «እንዲህ ነው» አለና ተራውን ወሰደ።

«እግዚአብሔር በአካል ሦስት፣ በመለኮት አንድ ነው ይላሉ። ሰውን ስለ ወደደ ከማርያም ተወልዶ ሰው ሆነ፤ ተሰቀለ፣ ሞተ፣ በሦስተኛው ቀን ተነሣ ይላሉ። እኔ ይህን አላምንም፤ ደምሌ ግን ሕይወቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ወደዚህ አገር ያመጡት በባሕር የመጡ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። የመርከቡ ሰዎች በእኛ ጠረፍ ተገደሉና እነሱ ብቻ ተረፉ። ንጉሡ በቤቱ አሳደጋቸው። ኋላ አንደኛው የአገሩ ጳጳስ ሆነ። ሲቀበላቸው ግን ንጉሡ ክርስቲያን አልነበረም።»

ደምሌም «እንዲህ ነው» አለ።

«እንግዲህ ሁለቱም ሃይማኖቶች የባሕር እንግዶች ናቸው» አለ ዳኛው። «ለመሆኑ በአገራችን ከሩቅ ለመጣ እንግዳ ቀድሞ የሚቀርብለት ምንድን ነው?»

እንድሪስና ደምሌ ተያዩ።

«ውኃ» አለ ደምሌ።

«ሃይማኖቱን ጠይቃችሁ ነው?»

«የለም። እግሩን ታጥቦ ከጠጣ በኋላ ነው ከየት መጣህ የሚባለው» አለ እንድሪስ።

«ፍርዱን ሰጥታችኋል» አለና ዳኛው ተነሣ።

ውኃውን እኩል ተካፈሉ። ዓርብ ታችኞቹ መስጊድ ሲሆኑ የላይኞቹ ያጠጣሉ፤ እሑድ የላይኞቹ ቤተ ክርስቲያን ሲሆኑ የታችኞቹ ያጠጣሉ። ምንጩ በተአምር አልጨመረም። የዚያ ዓመት ማሽላ ቀጫጫ ነበር፤ ቢሆንም በሁለቱም መንደር ጦሙን ያደረ ቤት የለም። ደምሌ ክርስቲያን፣ እንድሪስ ሙስሊም ሆነው ኖሩ፤ እርዳቸውም እስከ ዕለተ ሞታቸው ለየብቻ ነበር።

ወዳጆቼ፣ እምነታችን አንድ ነው ብለን መዋሸት አይጠበቅብንም። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ ባለቤቶቹም ይኖሩለታል። ነገር ግን ሁለቱም ወደዚህ አገር የገቡት እምነቱን ገና ያልተቀበለ ሰው በከፈተላቸው በር ነው። በእንግድነት የገባ ሰው በሩን ቢዘጋ ውለታ መብላት ነው። አንተስ ዛሬ ጎረቤትህ ፊት ቆመህ የሚያምነውን ብትናገር «እንዲህ ነው» ይልሃል? ካላለህ፣ ከሙግቱ በፊት እቤቱ ሂድ። ቀድሞ የሚያቀርብልህን ታውቀዋለህ።