ተልባው ላይ የተጣለ ዳስ

ባሏ የሞተባት ስንዱ የኔታ ዘንድ መጥታ፣ «የኔታ፣ ትናንት ልጆቼ ሲስቁ ሰምቼ ተቆጣኋቸው። አባታቸው ዓመት ሳይሞላው መሳቅ እሱን መርሳት አይደለም ወይ?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም እንዲህ አሏት፦

አንድ ሰው ነበረ፤ ገበሬ ነው። ሚስቱ በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ ከጓሮው ዳር፣ ፀሐይ በሚውልበት በኩል፣ ተልባ ትዘራ ነበር። መስከረም ላይ ያ ሰማያዊ አበባ ጠዋት ፈክቶ ቀትር ሲሆን ይረግፋል፤ በማግስቱ ሌላው ይፈካል። «አንተ ሰው፣ ሳይረግፍ ና እየው!» ትለዋለች። ገበሬ ደግሞ ልቡ ጤፉ ላይ ነው፤ «ነገ አየዋለሁ» ይላታል። «የነገውማ የነገ ነው» ብላ ትስቅበታለች። ምን ያለ ደግ ዘመን ነበር! ደግነቱን ግን ያኔ ማን አወቀው?

አንድ ዓመት ተልባዋን ዘርታ፣ አበባውን ሳታይ ነሐሴ ላይ ሞተች። መስከረም ጠባና ተልባው ፈካ። ሰውየው በየጠዋቱ አጠገቡ ተቀምጦ ያያል፤ ቀትር ላይ ሲረግፍ እንደገና የቀበራት ይመስለዋል። አንድ ቀን አልቻለም። ከለቅሶው ዳስ የተረፉትን እንጨቶች አምጥቶ ዙሪያውን ተከለ፤ ሸራውንም ከላይ ወጠረና ፀሐይዋን ከለላት።

በማግስቱ አበባው አልረገፈም፤ አልፈካምም። ውሎ ሲያድር አገዳው ብርሃን ፍለጋ ወደ ጎን ተንጋደደ። ጎረቤቱ የሆኑ አሮጊት በአጥሩ በኩል አዩና፣ «ምነው ልጄ፣ ተልባውንም ለቅሶ አስቀመጥከው?» አሉት።

«ፀሐይ እያረገፈችብኝ ነው እናቴ። የእሷ እጅ የዘራው እኮ ነው።»

«ታዲያ ያፈካችውስ ማን ሆነችና?»

ሰውየው እያለቀሰ እንጨቱን አንድ በአንድ ነቀለ። ጠዋት ጓሮው ሰማያዊ ሆነ፤ ቀትር ላይ ረገፈ፤ በረገፈበትም ፍሬ ቋጠረ። በሐምሌ ያንን ፍሬ በገዛ እጁ ዘራው። ሲያብብም አሮጊቷን «ሳይረግፍ ይምጡ፣ ይዩት» ብሎ ጠራቸው።

እንግዲህ ስንዱ ልጄ፣ ተልባው ልጆችሽ ናቸው፤ ዳሱም ያንቺ ቁጣ ነው። ማዘንሽን አልከለክልሽም፤ እኔም ባልሽን እወደው ነበር። ግን ዛሬ ሲስቁ ዝም አታሰኚያቸው። ሥራሽን ተዪና አጠገባቸው ተቀመጪ። የትልቁን ልጅ ሳቅ ደህና አድርገሽ ብትሰሚው ታውቂዋለሽ፤ እሱ ሳይወለድ ጀምሮ ስንት ዓመት ከጎንሽ የሰማሽው ሳቅ ነው።